የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስልኩ ሲነጠቅ አብሮ የሚዘጋ አፍ

ለዚህ ወር አምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ልጆች፣ ስለ እጅ ስልክና ስለ እንቅልፍ የተጻፉ ናቸው። ከእነርሱ አምስቱን መርጠን ከዚህ በታች አቅርበናል። የጸሐፊዎቹንም ሆነ የትምህርት ቤቶቹን ስም ሆን ብለን አስቀርተናል፤ ደብዳቤዎቹንም ሐሳባቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁትም፣ ልጆቼን የወለድሁትም ፒያሳ ነው። ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጥቶን ገባን። ሥራዬ ግን እስከ ዛሬ አራት ኪሎ ነው፤ የ14 ዓመት ልጄም ትምህርቱን የሚከታተለው እዚያው አራዳ ነው። ጠዋት አብረን በአውቶቡስ እንመጣለን። ልጄ ድሮ ተጫዋች ነበር፤ አሁን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ክፍሉን ዘግቶ ከስልኩ ጋር ያመሻል፤ ሌሊት ስነቃ ከብርድ ልብሱ ሥር ብርሃን አያለሁ። ውጤቱም ወርዷል። ባለፈው ወር ተናድጄ ስልኩን ነጠቅሁትና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሺ» እና «እምቢ» ካልሆነ በቀር ከአፉ ቃል አይወጣም። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ደጋግሜ የቆምሁት ስለ ስልኩ ከጻፉት ይልቅ ስለ ፒያሳ በጻፉት መስመር ላይ ነው። አዋቂ ሰው ሰፈሩ ሲፈርስበት ያዝናል፣ ያወራዋል፣ በለቅሶና በሠርግ ከቀድሞ ጎረቤቶቹ ጋር እየተገናኘ ይጽናናል፤ እድሩም ቢሆን አባላቱ ተበትነው ሊቀጥል ይችላል። ልጅ ግን እድር የለውም። ኳስ ይጫወትበት የነበረው ኮብልስቶን፣ ማስቲካ በዱቤ ይሰጠው የነበረው ባለ ሱቅ፣ ሲያጠፋ ከእናቱ ቀድማ ትቆጣው የነበረችው ጎረቤት ሁሉም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሕይወቱ ወጥተዋል። አብሮ አደጎቹ በከተማው ዙሪያ ተበትነው ምናልባት ዛሬ የሚገናኙት በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ብቻ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፉበት ለእርሱ የቀረውን ሰፈር ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም፤ እኔም የራሴን ልጅ ስልክ ነጥቄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ሳዋራ ስለ ከረምሁ አውቀዋለሁ።

ይህ ሲባል ስልኩ ምንም ጥፋት የለበትም ለማለት አይደለም። አዛ ራስኪን የተባለው አሜሪካዊ የንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያለ ማቋረጥ ወደ ታች የሚፈስ ገጽ የሚሠራበትን ዘዴ አወጣ፤ በኋላም በፈጠራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። መጽሐፍ ምዕራፉ ያልቃል፣ ኳስ ጨዋታ በዳኛው ፊሽካ ያበቃል፤ ቲክቶክ ግን ልጁ «በቃኝ» እስኪል ድረስ የሚያቆመው ነገር የለም፤ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ በሌሊት ብቻውን ሆኖ «በቃኝ» ለማለት የሚያስችለው አቅም ገና አልጠናም። ቀጣዩ ቪዲዮ አሰልቺ ይሁን አስቂኝ አስቀድሞ አለመታወቁም ልክ እንደ ሎተሪ ተስፋ እያስያዘ ጣቱን ያቆየዋል። ወላጆች ብዙ ጊዜ የማይጠረጥሩት ሌላም ምክንያት አለ። ለሌሊት ብቻ የሚሸጠው የዳታ ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ፣ የኪስ ገንዘቡ ውስን የሆነ ተማሪ ቪዲዮ ማየቱን ሆን ብሎ ወደ ሌሊት ያዛውረዋል። ስለዚህ ልጅዎን ሱስ ይዞታል ብለው ከመደምደምዎ በፊት የሚገዛው የትኛውን ጥቅል እንደሆነ ይጠይቁት፤ የሌሊት ጥቅል ከሆነ ጥቂት ብር ጨምረው የቀኑን ቢገዙለት ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናሉ።

የእንቅልፉን ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሜ አየዋለሁ። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀንና ሌሊቱ ውስጥ በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል መተኛት አለባቸው። አውቶቡስ ለመያዝ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ ልጅ ዝቅተኛውን 8 ሰዓት እንኳ ለማግኘት ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ይዞት መሆን ይኖርበታል። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ስልክ ላይ ከቆየ የሚተኛው አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። እንዲህ የሰነበተ ልጅ ይነጫነጫል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ያነበበው አይያዝለትም፤ ወላጅም ይህን ሁሉ አይቶ ጠባዩ ተበላሸ ይላል። ውጤቱ የወረደበትን ምክንያት መጀመሪያ መፈለግ የሚገባዎ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

እንግዲህ ስልኩን ይመልሱለት። ሲመልሱለት ግን በዝምታ ጠረጴዛ ላይ አኑረው አይሂዱ፤ ተቀምጠው «በቁጣ ነጥቄሃለሁ፤ ሳልጠይቅህ መንጠቄ ልክ አልነበረም፤ እንቅልፍህ ግን ያስጨንቀኛል» ይበሉት። እናት ልጇን ይቅርታ ብትጠይቅ ክብሯ የሚቀንስ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ካየኋቸው ቤቶች ግን ልጆች ችግራቸውን የሚናገሩት ስሕተቱን የሚያምን አዋቂ ባለበት ቤት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ስምምነት ብቻ ያድርጉ፤ አሥር ሕግ አያውጡ። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን በቤቱ ያለ ስልክ ሁሉ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ላይ ይሰካል። ልጁ «ለማንቂያ ያስፈልገኛል» እንደሚል አልጠራጠርም፤ ከመርካቶ አንድ የማንቂያ ሰዓት ይግዙለት። ጨርሶ መከልከል የማያዋጣበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ መምህራን የቤት ሥራና ማስታወሻ የሚልኩት በቴሌግራም ስለሆነ ስልኩ የተቆለፈበት ተማሪ ከትምህርቱም ይጎድላል።

ቲክቶክ ላይ ያለውን አካውንት አብራችሁ ስትከፍቱ በመጀመሪያ የተመዘገበበትን የልደት ዓመት ተመልከቱ። መተግበሪያው ከ16 ዓመት በታች ላሉት አካውንቱን ከማያውቁት ሰው ይዘጋል፣ የግል መልእክት መላላክንም አይፈቅድም፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ በቀን 60 ደቂቃ ሲሞላ ያስጠነቅቃል። ሆኖም ልጆቻችን ሲመዘገቡ ዕድሜያቸውን ስለሚጨምሩ መተግበሪያው እንደ አዋቂ ይቆጥራቸዋል፤ ጥበቃውም ሁሉ ይቀርባቸዋል። የ60 ደቂቃውን ገደብ ልጁ የራሱን ኮድ አስገብቶ ሊያልፈው ስለሚችል ከስምምነታችሁ በላይ አትታመኑበት።

ሥራዎ አራት ኪሎ ከሆነ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብዎ ነው። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ልጅዎ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እርስዎ ሥራ እስኪጨርሱ ብቻውን ወደ ቤት ከሚሄድ እዚያ ቢጠብቅዎ፣ ከተቻለም ከቀድሞ የሰፈር ጓደኞቹ መካከል በአካባቢው የሚማሩትን እዚያ ቢያገኛቸው መልካም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሦስት አብሮ አደጎቹን ቤትዎ ጠርተው ሻይና ዳቦ ቢያቀርቡላቸው ደግሞ ከማንኛውም የስልክ ገደብ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ዝምታው ካልተፈታ ጉዳዩን ከስልኩ ለይተው ይዩት። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ኃላፊ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጡት ማሳሰቢያ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚቆዩ ታዳጊዎች የድባቴና የጭንቀት ምልክቶች የሚገጥማቸው ዕድል እጥፍ መሆኑን ገልጸው ነበር። ይሁን እንጂ ስልኩ ሐዘኑን አመጣው ወይስ ሐዘኑ ወደ ስልኩ ወሰደው የሚለውን በአንድ ልጅ ላይ ለይቶ ማወቅ የሚቻለው አጠገቡ ሲቀመጡ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የከፋው ወይም የሚቆጣ ከሆነ፣ ይወደው የነበረውን ነገር ሁሉ ከተወ፣ ምግብ ከቀነሰ፣ «እኔ አልረባም» የሚል ንግግር ካበዛ፣ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ስለ መሞት ከተናገረ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያኑ ቀን ይውሰዱት፤ ብቻውንም አይተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ ልጅዎ ብቻውን አይደለም። በከተማችን «አማኑኤል» የሚለው ስም ለስድብ መዋሉ ስንቱን ቤተሰብ ከሕክምና እንዳስቀረ ሳስብ እበሳጫለሁ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እንደ ማንኛውም ሆስፒታል ካርድ አውጥተው የሚታከሙበት ቦታ ነው፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጠበል የሚወስዱትም ከሆነ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ተማሪ ነኝ። በኢንስታግራም የተዋወቅሁትና እኩያዬ እንደሆነ የነገረኝ ልጅ ቴሌግራም ላይ ለወራት ሲያዋራኝ ቆየ። በመጨረሻ መላክ የማይገባኝን ፎቶ ላክሁለት። አሁን 5,000 ብር በቴሌብር ካላክሽልኝ ለአባትሽና ለክፍልሽ ልጆች እልከዋለሁ እያለ ያስፈራራኛል። ከአክስቴ ለመጽሐፍ ብዬ ተበድሬ 1,500 ብር ላክሁለት፤ ዛሬ ደግሞ ጨምሪ አለኝ። አባቴ ከሰማ ይገድለኛል። (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ልጄ፣ መልሳችንን መጽሔቱ እስኪታተም ሳንጠብቅ በጻፍሽበት አድራሻ ልከንልሻል። እዚህ የምናትመው ይህ ነገር ያንቺ ብቻ ስላልሆነና ሌሎችም በዝምታ እየከፈሉ እንደሚኖሩ ስለምናውቅ ነው።

ከእንግዲህ አንድ ብር እንኳ አትላኪ። የመጀመሪያውን 1,500 ብር ስትልኪ ሰውየው የተረዳው ነገር ቢኖር መክፈል እንደምትችዪ ነው፤ ጥያቄው የጨመረውም ለዚህ ነው። ልጅ እንደሆነ አትመኚ፤ እንዲህ ያለውን ማጥመጃ እንደ ሥራ የያዙት አዋቂዎች ናቸው፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ልጆችን ያስፈራራሉ። አትለምኚው፣ አትሳደቢው፣ መልስም አትስጪው።

ከመዝጋትሽ፣ ማለትም ብሎክ ከማድረግሽ በፊት ግን ማስረጃሽን ሰብስቢ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ንግግሩን በሙሉ ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ነገ ልያዘው ያልሽው ማስረጃ ዛሬ ማታ ሊጠፋ ይችላል። የዛቻውን መልእክት ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ፤ በ@ ምልክት የሚጀምረውን የተጠቃሚ ስሙንና የሚታይ ከሆነ ስልክ ቁጥሩንም እንዲሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በእጅሽ ያለው የቴሌብር የጽሑፍ መልእክት ነው፤ የተቀባዩ ስምና የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ ስላለ አታጥፊው። ፎቶውን ራሱን ግን ለማስረጃም ቢሆን ለማንም አትላኪ፤ ፖሊስ ከጠየቀሽ በራስሽ ስልክ ላይ ታሳያለሽ።

ቀጥሎ ለአንድ አዋቂ መንገር አለብሽ፤ ከደብዳቤሽ ስገምት ያቺ ሰው አክስትሽ ናት። ገንዘቡን ለመጽሐፍ ብለሽ መውሰድሽ እንደሚያሳፍርሽ እገምታለሁ፤ ያንን አስቀድመሽ ብትነግሪያት ቀሪው ይቀልልሻል። በእኛ ባህል ከባድ ነገር በቀጥታ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይላክበታል። ለአባትሽ የምትነግርልሽም እርሷ ትሁን፤ አንቺ በሌለሽበት ቁጣው በርዶ ከቆየ በኋላ ትግቢያለሽ። «ይገድለኛል» ያልሽው እንደ አነጋገር ከሆነ ይህ ይበቃል፤ በእውነት እንደሚመታሽ የምታውቂ ከሆነ ግን ለአክስትሽም ለፖሊስም በግልጽ ንገሪና ለጊዜው እርሷ ዘንድ እደሪ። ሞት የሚሻል የሚመስልበት ሌሊት ከመጣብሽም ንጋትን አትጠብቂ፤ ቀስቅሰሻት አጠገቧ ተኚ። እንዲህ ያለው ሌሊት ያልፋል፤ ከእርሱ በኋላም ትምህርትሽ፣ ጓደኞችሽና ቤተሰብሽ አሉ።

ፎቶውን መላክሽ አንቺን ወንጀለኛ አያደርግሽም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ሰውን በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት በጽሑፍ ወይም በምስል ማስፈራራትንና መዛትን ይከለክላል፤ ቅጣቱም እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ሲሆን ከባድ በሆነ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ድርጊቱ የተፈጸመው አካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ አንቀጽ 12 ከዚህ የከበደ ቅጣት ይዞ ይመጣል። ከአክስትሽ ጋር በቅርባችሁ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የሴቶችና የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘውን መርማሪ ጠይቁ፤ አስቸኳይ ከሆነ የአዲስ አበባ ፖሊስ የስልክ ቁጥር 991 ነው።

ፎቶው እንዳይሰራጭ የሚያግዝሽ ሌላም መንገድ አለ። «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ሳለ የተነሡ ፎቶዎችን በነፃ ለማስነሣት ይረዳል። ፎቶው ከስልክሽ አይወጣም፤ ከፎቶው ላይ እንደ ጣት አሻራ ያለ የቁጥር መለያ ብቻ ተወስዶ በአገልግሎቱ ለተመዘገቡ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ለፌስቡክ፣ ለኢንስታግራምና ለቲክቶክ ይሰጣል፤ እነርሱም ያ መለያ ያለው ምስል በገጻቸው ላይ ሲገኝ ያነሡታል። ስምሽንም አይጠይቅም። በሰዎች መካከል በግል የሚላከውን ሁሉ ያስቆማል ብዬ ግን አላታልልሽም።

ይህን የምታነቡ አባቶች አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህች ልጅ የዚያን ሰው ዛቻ ብቻዋን የቻለችው ከእርሱ ይልቅ አባቷን ስለ ፈራች ነው፤ አስፈራሪውም ከሁሉ አስቀድሞ የጠራባት ስም የአባቷን ነበር።

ጥያቄ፦ በመሀል ከተማ ባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ርእሰ መምህራችን በክበብ ሰዓት ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት እንዳስተምር መድበውኛል። ያለኝ 40 ደቂቃ ነው፤ ክፍሉ 60 ተማሪ ይዟል፤ ስለ ስልክ ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ከዚህ በላይ የቸገረኝ ተማሪዎቹ የከፈቱት ስም የማይጠቀስበት የቴሌግራም «ኮንፌሽን» (የኑዛዜ) ቻናል ነው፤ አንዲት ተማሪ በእርሱ ላይ በተጻፈባት ነገር ምክንያት ትምህርት ቤት መምጣት አቁማለች። (መምህር፣ ከአምስት ኪሎ)

መልስ፦ መምህር፣ የስልኩን ቅንብር ከእርስዎ ይበልጥ ማወቃቸው እውነት ነው፤ እርስዎም እንደማያውቁ ቢነግሯቸው አይጎዳዎትም። ሰው ሲያታልል በምን በምን እንደሚመጣ ማወቅ ግን የዕድሜ ነገር ነው፤ የክፍሉ ትምህርት የሚያርፈው እዚያ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምንም ክልከላ አይናገሩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁራጭ ወረቀት አድለው «በስልክ ያጋጠመህና ለማንም ያልነገርኸው ነገር ምንድን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ስም ሳይጽፉ አጣጥፈው ካርቶን ውስጥ ይጨምሩ፤ ባዶውን ማጠፍም የተፈቀደ ይሁን። ወረቀቶቹን ለብቻዎ ሲያነቡ ከጠበቁት በላይ የከበደ ነገር እንደሚገጥምዎ ይዘጋጁ። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ከትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ጋር ይመካከሩ፤ «ማንም ላይ አልናገርም» ብለው ቃል ሳይገቡ «የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር በእኔ ዘንድ ይቀራል» ይበሏቸው። የቀጣዮቹን ሳምንታት ትምህርት ወረቀቶቹ ራሳቸው ይመርጡልዎታል።

ስልክ ወደ ክፍል ማስገባት የተከለከለ ከሆነ ተግባራዊውን ክፍል የቤት ሥራ ያድርጉት፤ እያንዳንዱ ተማሪ ለእናቱ፣ ለአባቱ ወይም ለሞግዚቱ ቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያስገባላቸው። ልጅ ወላጁን ያስተማረበት ቤት፣ በሌላ ቀን ልጁ ሲቸግረው ስለ ስልክ ለማውራት አያስፈራም። ኮድ ለሰው አለመስጠትን ለማስረዳት ከቴሌብር የተሻለ ምሳሌ የለም፤ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሩን ለጓደኛው የማይሰጥ ተማሪ ወደ ቴሌግራም የሚመጣውን ባለ አምስት አሐዝ ኮድ ግን ሳያስብ እንደሚሰጥ ሲነግሯቸው ራሳቸው ይስቃሉ።

ስለ ቻናሉ ግን ሳልጠነቀቅ አልናገርም። መጀመሪያ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ አያንሡት። በሰልፍ ላይ የተነገረ ስድብ ያላነበበውም እንዲያነብበው ያደርጋል፤ ልጅቷም በዚያ ግቢ ውስጥ ዳግም አትቆምም። የምታከብራት አንዲት መምህርት ቤቷ ድረስ ሄዳ ታነጋግራት፤ ምን እንደተጻፈ ሳትደግምባት ትምህርቷን እንዴት መቀጠል እንደምትፈልግ ትጠይቃት። የክፍል ለውጥ ከፈለገች ይደረግላት፤ ግን እርሷ ሳትጠይቅ አትዛወር፤ ምክንያቱም ተበዳይዋን ማዛወር በተማሪዎች ዓይን እንደ ቅጣት ይታያል።

ተማሪዎቹን ደግሞ ስም አልባ የሚሉት ነገር ስም አልባ አለመሆኑን ያሳውቋቸው። መልእክቱ ወደ ቻናሉ የሚያልፈው በቦት፣ ማለትም መልእክት ተቀብሎ በሚያስተላልፍ ፕሮግራም በኩል ስለሆነ የቦቱ ባለቤት ላኪውን ለይቶ ሊይዝ ይችላል፤ ዛሬ ስለ ጓደኛዋ የጻፈች ተማሪ ስሟ ቻናሉን በከፈተው ልጅ እጅ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ በክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ዝምታ እኔ በአንድ ትምህርት ቤት አይቼዋለሁ። የተጻፈው ነገር ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚነካ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እንደሚከለክል፣ በስልክ መጻፉም ከተጠያቂነት እንደማያድን ይንገሯቸው። ሆኖም የክፍሉ አብዛኛው ተማሪ ጸሐፊ አይደለም፤ አንብቦ የሚስቅና ስክሪንሾት ወደ ሌላ ግሩፕ የሚያሳልፍ ነው። የእኔ ምክር 40 ደቂቃዎን በእነዚህ ላይ እንዲያውሉ ነው። ለልጅቷ በግል «ምን ሆንሽ? ነገ ነይ፤ አብረን እንግባ» የሚል መልእክት ከላከላት አንድ የክፍል ጓደኛ ይልቅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሳት ነገር አላውቅም።

ጥያቄ፦ አውስትራሊያ ልጆችን ከማኅበራዊ ሚዲያ ከልክላለች። እኛስ ለምን አንከለክልም? (አባት፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ የአውስትራሊያ ሕግ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ጸድቆ ታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ሥራ ላይ ውሏል። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አካውንት እንዳይኖራቸው የማድረግ ግዴታ የተጣለው በኩባንያዎቹ ላይ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይደርሳል፤ ልጁም ወላጁም አይቀጡም። ሸክሙን ከልጁ ላይ አንሥቶ ገንዘብ በሚያገኘው ድርጅት ላይ መጫኑን እደግፋለሁ። ነገር ግን በእኛ ከተማ አንድ ስልክ ለሦስት ወንድማማች ይበቃል፣ ሲም ካርዱም በእናት ስም ይወጣል፤ የዕድሜ ማጣሪያው የሚያየው እናትየዋን ነው። መልእክት መላላኪያዎችም ከዚያ ሕግ ውጭ ስለሆኑ፣ ከላይ ደብዳቤዋን ያነበብናት ልጅ የደረሰባት ነገር በአብዛኛው ክልከላው በማይነካው በኩል የመጣ ነው። ሕጉ እስኪወጣ ለእርስዎ የቀረበው መንገድ ዛሬ ማታ ልጅዎን «የምታየውን አሳየኝ» ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ነው፤ ሲያሳይዎም ፊትዎን አያኮሳትሩ።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጅ ነኝ። «ለእህቴ ልጅ በውድድር ድምፅ ስጥልኝ» የሚል ሊንክ ከጓደኛዬ አካውንት መጣልኝ። ስልክ ቁጥሬንና የመጣልኝን ኮድ አስገባሁ። አሁን በእኔ ስም ለዘመዶቼ ብር ላኩልኝ የሚል መልእክት እየሄደ ነው፤ አያቴ 3,000 ብር ልካለች። (ከጊዮርጊስ)

መልስ፦ ቴሌግራም እስካሁን በስልክህ ላይ ክፍት ከሆነ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈትና ካንተ ስልክ በቀር ያሉትን ሁሉ አስወጣ። አዲስ የገባ ሰው ለመጀመሪያው 24 ሰዓት ሌሎቹን ማስወጣት ስለማይችል ያለህ ጊዜ እርሱ ነው። አስቀድሞ አስወጥቶህ ከሆነ በራስህ ሲም ካርድ በሚመጣ ኮድ እንደገና ግባ፤ ሌባው የራሱን የይለፍ ቃል ጨምሮበት ከሆነ ደግሞ የሰባት ቀን ጥበቃ ካለፈ በኋላ አካውንቱን ሰርዘህ እንደ አዲስ መጀመር ይኖርብሃል። እስከዚያው ለዘመዶችህ በጽሑፍ ሳይሆን ደውለህ ንገራቸው፤ በአንተ ስም የሚጻፍ ነገር ለጊዜው ስለማይታመን ድምፅህን ይስሙ። አያትህ የላከችውን ብር በተመለከተ የግብይት ቁጥሩን ይዛችሁ ወዲያው ለቴሌብር የደንበኞች አገልግሎት አሳውቁ፤ ለፖሊስም አመልክቱ፤ ገንዘቡ ወጥቶ ካለቀ ግን ለማስመለስ ይከብዳል።

ለአያትህ ስትነግራት ጥፋቱ የእርሷ አለመሆኑን ደጋግመህ ንገራት፤ አዛውንቶች እንዲህ ሲታለሉ አፍረው ዝም ይላሉና። በእሑድ ስትጠይቃት የእርሷም ቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስገባላት። ወረቀት ላይ ከጻፍህላት ግን ወረቀቱን ከስልኳ ሽፋን ጀርባ አታስቀምጠው።